የቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አሮጌ ቤቶች ምን እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጅማዎች። ቅዳሜ ስለ ከተማው ፕላን ስብሰባ ተጠርተናል። መርካቶ አካባቢ ያሉት የጣሊያን ጊዜ ቤቶች መንገድ ሲሰፋ እንዳይነኩ ሰግቻለሁ፣ ቆርቆሯቸው ቢዝግ በረንዳቸው ቢሸራረፍም ለከተማዋ መልክ የሰጧት እነሱ ናቸው። ምን ብል ይሻላል?

መልስ 1፦ ወንድሜ "ቅርስ ነው አትንኩብን" ብቻ ካልክ ቃለ ጉባኤ ላይ "አስተያየት ተሰጥቷል" ተብሎ ይታለፋል 😀 አዋጅ 209/1992ን ፕሪንት አድርገህ ያዝ፣ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለስልጣን የጽሁፍ ፈቃድ ከቦታው አይነሳም። መጀመሪያ ግን የትኛው ቤት ተመዝግቧል በል፣ ዝርዝሩን ያሳዩህ፣ ካልተመዘገበ ክርክሩ ሌላ ነው።

መልስ 2፦ እኔ ትንሽ ልቃወም። ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያድሳል? የቀበሌ ቤት ተከራይ ሚስማር ለመምታት እንኳ ደብዳቤ ይዞ ሲመላለስ ነው የሚውለው፣ ቅርስ ሲባል ደግሞ ሁሌ ጅሬን ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ብቻ ነው የሚጠራው፣ እሱም የእንጨት ስራ ስለሆነ ዝናብና ምስጥ አይምረውም። የእድሳት በጀት ጠይቁ ባይ ነኝ።

መልስ 3፦ አዌቱንም አንሱልን በናታችሁ፣ ወንዙ መሀል ከተማ ላይ ፌስታል ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ስንት ሰዓት ነው ስብሰባው?