ለሞቶክሮስ ልጆች ጥቆማ፦ ጂም ሳይከፈል የት ይሠራ፣ ምን ይገዛ?

ሞቶክሮስ (ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ሜዳ ላይ የሚደረግ የሞተር ብስክሌት ውድድር) የጀመራችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የጂም ወርሃዊ ክፍያ ከበደኝ፤ የት ልሥራ?» መሃል አዲስ አበባ ለምትኖሩ መልሴ አጭር ነው። ከፒያሳ እስከ ስታዲየም፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ከፍ ብሎ፣ ለዚህ ስፖርት ከጂም የተሻለ ቦታ ሞልቷል። አብዛኛው በነፃ ነው። የትኛው ለምን እንደሚጠቅም፣ ብር ማውጣት የሚያዋጣው የት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ስፖርቱ የሚጠይቀውን እንወቅ። በዓለም ሻምፒዮና አንድ ውድድር 30 ደቂቃና ተጨማሪ 2 ዙር ነው። በዚያው ቀን ሁለቴ ይነዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ ልብ ከአቅሟ ጫፍ አጠገብ ነው የምትመታው። ነጂው አብዛኛውን ሰዓት አይቀመጥም። መርገጫው ላይ ቆሞ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ሞተሩን በጭኑ ጨምቆ ይይዛል። 450 ሲሲ ሞተር 110 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ስትወድቁ አንሥታችሁ መቀጠል አለባችሁ። ስለዚህ ትንፋሽ፣ እግር፣ ወገብ እና የማይዝል እጅ ነው የሚያስፈልገው። ጂም ቤት ብዙ ሰው የሚለፋው ለደረትና ለጡንቻ ነው። ለእኛ ያ ብዙም አይጠቅምም።

ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ተከልክሏል። ሞተር ላይ የምንወጣው ከከተማ ስንወጣ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ መሥራት ያለበት ሰውነታችን ነው።

ለአዘቦት ቀን አንደኛ ምርጫዬ መስቀል አደባባይ ነው። ገና ሳይነጋ ሰው አለ፣ ብርሃን አለ፣ ታክሲ ከየአቅጣጫው ይመጣል። አሠራሩን ሯጮቹን አይታችሁ ትለምዱታላችሁ። ከታችኛው እርከን ትጀምራላችሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ትሮጣላችሁ፣ አንድ እርከን ትወጣላችሁ፣ ወደ መጡበት ትመለሳላችሁ። እንዲህ እያላችሁ እስከ ላይ። ለሞቶክሮስ ግን ትንሽ ቀይሩት። ሰዓታችሁን 30 ደቂቃ ላይ ሙሉ። ሦስት ደቂቃ በዝግታ አግድም ሩጡ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ደረጃውን ቀጥ ብላችሁ በሙሉ ኃይል ውጡ። መልሳችሁ ወደ አግድሙ ግቡ። ስትወጡ እጃችሁን እዩት። ጨብጣችሁት ከሆነ ፍቱት። ጥርስ ነክሶ፣ ትንፋሽ ይዞ መግፋት ልማድ ከሆነ ሞተር ላይም ይከተላችኋል። ስትወርዱ አትሩጡ፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለት ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣችሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ በሉ።

ጃንሜዳ ደግሞ አፈርና ሣር ነው። ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ለሚያመው ከመስቀል አደባባይ ሲሚንቶ ይሻላል። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ እግር ሚዛን መጠበቅን ይማራል፣ ይህም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ቅዳሜና እሁድ ኳስ ተጫዋቹ ይበዛል። በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ቦታው የበዓሉ ነው፤ ያኔ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እንጦጦ የእሁድ ነው። ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ እስከ እንጦጦ ማርያም ዳገቱን በእግር። ላይኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሩጫ አያስፈልግም፤ ቶሎ ቶሎ መራመድ ብቻውን ልብን ወደሚፈለገው ቦታ ያደርሳታል። ለትንፋሽ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ነው። ግን በሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ሰኞ እግራችሁ ይነግራችኋል። ለብቻ አትሂዱ፤ ሳይነጋም አትሂዱ፤ ጫካው ውስጥ ጅብ አለ። ትንሽ ብር ካላችሁ እዚያው ፈረስ ተከራዩ። ኮርቻው ላይ ትንሽ ከፍ ብላችሁ በጭናችሁ ይዛችሁ ስትጋልቡ የምትሠሩት ጡንቻ ራሱ የሞተሩ ነው። ለዚህ ብር ማውጣት ከልቤ እደግፋለሁ።

ብስክሌት ያላችሁ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩትን የብስክሌት መንገዶች ተጠቀሙ፤ ለደከመ ጉልበት ጥሩ ነው። ጠዋት ጠዋት በትንሽ ክፍያ በቡድን የሚሠራው ኤሮቢክስም አይከፋም። ሰውነት ያፍታታል፣ ብቻውን መነሣት ለሚከብደውም ያበረታታል። ለውድድር ግን አይበቃም።

አሁን ወደ ዕቃ። ከሁሉ በፊት የቤታችሁን ቢጫ ጀሪካን አንሡ። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ሁለቱን በሁለት እጅ ይዞ በግቢ ወይም በቅያስ መመላለስ ለመዳፍ፣ ለትከሻና ለወገብ ከብዙ ማሽን ይበልጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እስከ አፉ አትሙሉት። ግማሽ ሲሆን ውሃው ውስጡ ይንጫለጫል፣ ወዲያና ወዲህ ይስባችኋል፤ ወገባችሁ በየእርምጃው ማረም አለበት። ኮረኮንች ላይ ሞተር የሚያደርጋችሁ ይህንኑ ነው። ቀጭኑ እጀታ ጣት ስለሚቆርጥ ጨርቅ ጠቅልሉበት። ውፍረቱም ከሞተሩ መሪ ጋር ይቀራረባል።

ስለ ክንድ መወጠር ብዙ ስለምትጠይቁ ትንሽ ልቆይበት። «ከሦስተኛው ዙር በኋላ እጄ ድንጋይ ሆነ» የምትሉት ነው። የክንድ ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን ተሸፍኗል። መሪውን አጥብቆ መያዝ ሲረዝም ደም ወደ ጡንቻው ይገባል፣ ጡንቻው ያብጣል፣ ሽፋኑ ግን አይሰፋም። ደሙ መውጫ ያጣል፤ ጣቶች ፍሪሲዮንና ፍሬን መያዝ ያቅታቸዋል። መንገድ ላይ የሚሸጠውን የእጅ መጭመቂያ ስፕሪንግ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ መጭመቅ ይህን አይፈታም። የሚፈታው መሪውን ሳይሆን ሞተሩን በጭን መያዝ፣ ሳያቋርጡ መተንፈስ እና የመስቀል አደባባዩ ሩጫ ነው። ለጭን፣ ኳስ ወይም ትራስ በጉልበቶቻችሁ መሃል ጨምቃችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ እንደ ወንበር ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ ከቆያችሁ ጎበዞች ናችሁ። ዕረፍት አድርጋችሁም፣ ይህን ሁሉ ሠርታችሁም ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ያየው፤ በሕክምና የሚታይ ችግር ነው።

የሲሚንቶ ክብደት በየሰፈሩ ልጆች የሚሠሩት ነገር ነው። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ፣ የብረት ቱቦ፣ ሲሚንቶና ጠጠር። አራት ሊትር ቆርቆሮ ሲሞላ 9 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ሁለቱን እኩል ሙሉ፤ ከዚያ በደንብ እስኪደርቅ ቀናት ጠብቁ፤ ቸኩላችሁ ካነሣችሁት ቱቦው ይላቀቃል። መርካቶ የተዘጋጀ የብረት ክብደት አለ፤ ቦታ ለጠበበበት ሰው ይሻላል እንጂ ለዚህ ሥራ የግድ አይደለም። አሮጌ ጎማ ደግሞ ከጎሚስታ ለምኑ። በገመድ አስሮ መጎተት የወደቀ ሞተር ማንሣትን ያለማምዳል።

የምትገዙት ገመድ ብቻ ነው፤ የሚዘለልበት። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲከለክላችሁ በረንዳ ላይ ይሠራል። ፕላስቲኩ ሳይሆን ከበድ ያለውን ምረጡ፤ ትከሻም አብሮ ይሠራል።

የፕሮቲን ዱቄት አልመክርም። በሶ አለላችሁ። የተቆላ ገብስ፣ ውሃ፣ ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ ከልምምድ ሁለት ሰዓት በፊት። ከልምምድ በኋላ እንቁላል፤ በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና ለውዝ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከሰዓት የምትበሉ ከሆነ ከባዱን ሥራ ከመብላታችሁ ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ ማታ አዙሩት፤ ጠዋት ባዶ ሆድ ላይ ራሳችሁን አትጨርሱ። ከውድድር በፊት የታሸገ ኢነርጂ መጠጥ ከመጠጣት ከፋርማሲ ኦ አር ኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ገዝታችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። በላብ የወጣውን ጨው ይመልሳል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ጫት ለምትቅሙ፣ የልብ ትርታን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ከውድድር ሳምንት አርቁት።

ለዕረፍት ፍልውሃ ግቡ። ከውድድር ማግስት ሙቅ ውሃ የደነደነ ወገብ ያላላል። ያበጠና አዲስ የተመታ ቦታ ካለ ግን አትቸኩሉ፤ ያኔ የሚያስፈልገው በረዶ ነው።

ወጌሻ ለድካምና ለጡንቻ መወጠር የሚሄድ ሰው አለ፤ አልከለክልም። ወድቃችሁ አጥንት ከተጠራጠራችሁ ግን ማንም እንዳያሸው። በቀጥታ ራጅ። ከባድ አደጋ ከሆነ አቤት ሆስፒታል ለድንገተኛና ለአደጋ የተቋቋመ ነው፤ ለአጥንት ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ከሄልሜት ጋር ጭንቅላቱ የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ሞተሩን ከእጁ ውሰዱ፣ ለብቻው ወደ ቤት አትላኩት።