መብራት ሄዶ ሲመለስ የማይንክራፍት ዓለሜ የለም! ድረሱልኝ

ጨጫ_11፦ ጨዋታው ውስጥ በብሎክ እየገነባሁ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ብከፍተው ዓለሙ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። የጣርማበር ዋሻ፣ ከሥሩ የደብረ ሲና ገበያ፣ ሁሉም እዚያ ነው። አዲስ ዓለም ከፍቼ ያንኑ ስም ብሰጠው ይመለሳል? ቶሎ በሉ!

ብርድ_አይበግረኝ፦ አይመለስም፣ ምንም አትክፈት። ኮምፒውተር ነው ስልክ? የጨዋታው ዓይነት ጃቫ ነው ቤድሮክ? ቨርዥኑስ?

ጨጫ_11፦ ዴስክቶፕ። ጃቫ 1.20.1።

የመንዝ_ልጅ፦ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ዴስክቶፕ ላይ መገንባት ክረምት ላይ ያለ ክዳን እንደ መተኛት ነው። ጨዋታው ራሱ የሚያስቀምጠው በየ5 ደቂቃው ነው። ብቻህን ስትጫወት ኢስኬፕ ስትጫንም ያስቀምጣል፤ ትልቅ ሥራ በጨረስክ ቁጥር ተጫነው። ሳምንት ሳምንት ደግሞ ኤዲት ውስጥ ገብተህ ባክአፕ አውጣ። ይሄን ሁሉ...

ጣርማ፦ ጋሼ፣ ትምህርቱ ይቆይ፤ ልጁ እየተቃጠለ ነው 😂

ብርድ_አይበግረኝ፦ ጨዋታውን ዝጋ። የዊንዶውስ ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫን፣ አፕዳታን በሁለት የፐርሰንት ምልክት መሃል ጽፈህ ኢንተር በል። ማይንክራፍት ፎልደር ውስጥ ሴቭስ አለ፤ የዓለምህ ፎልደር እዚያ ነው። መጀመሪያ ሙሉውን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ውስጡ ያለውን ሌቨል ዶት ዳት የሚባል ፋይል (የዓለሙ ዋና መረጃ ያለበት) ስሙን ቀይረው፤ የተበላሸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መጠኑ ዜሮ ባይሆንም አትታለል፣ መብራት ሲቋረጥ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ መጨረሻው ላይ ኦልድ የሚል አለ፣ ያለፈው ቅጂ ነው። እሱን ኮፒ አድርገህ ኮፒውን ሌቨል ዶት ዳት በለው።

ሰርቨር_ንጉሥ፦ ብቻህን ምን ታደርጋለህ? ከሌሎች ጋር ሰርቨር ላይ ብትሆን ይሄ አይደርስብህም ነበር።

ጣርማ፦ ሰርቨር ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥስ? ብቻህን ስትሆን ኢስኬፕ ብትል ፀሐዩም ይቆማል፣ ክሪፐሩም (የሚፈነዳው ጭራቅ) ይቆማል፤ ቡና አፍልተህ ትመለሳለህ። ዋሻህን የሚያፈርስብህ፣ ‹‹መቼ ነው የሚያልቅ?›› የሚልህም የለም። ማለቅ ያለበት ነገርም የለም። ስንት ዓመት የሚያስጫውተውም ይኼው ነው።

ቀይት፦ ኦልድ የሚለውን ፋይል ስሙን ቀይረው፣ ይሠራል።

ጣርማ፦ እሱን እኮ ተባለ።

ብርድ_አይበግረኝ፦ ኦልዱም ከሞተ፦ በዚያው ሲድ (መሬቱ የሚፈጠርበት ቁጥር) እና በዚያው ቨርዥን አዲስ ዓለም ፍጠርና ውጣ፤ የአዲሱን ሌቨል ዶት ዳት አሮጌው ፎልደር ውስጥ ክተት። ግንባታውና ሳጥን ውስጥ ያለው ዕቃ የተቀመጠው ሪጅን ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ይተርፋል። በላይህ የያዝከው ግን ይጠፋል። ሲዱን ከሳትክ ያልረገጥከው መሬት ከድሮው ጋር አይገጥምም፣ ድንበሩ ላይ ቀጥ ያለ ገደል ይወጣልሃል።

የመንዝ_ልጅ፦ ጣርማበርን በልኩ ነው የሠራኸው? ሰማዩ 320 ብሎክ ላይ ያልቃል (አንድ ብሎክ አንድ ሜትር ነው)፣ ተራራው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው።

ጨጫ_11፦ አሳንሼ ነው። ኦልዱን እየሞከርኩ ነው፣ ቆዩ

ቀይት፦ እግረ መንገዴን፣ የሳር ቤት ጭስ ከክዳኑ በላይ እንዲታይ ምን ይደረጋል? ቤቱ አይቃጠልም?

ጣርማ፦ ካምፕፋየር (ጨዋታው ውስጥ ያለው የእንጨት እሳት) እሳት አያዛምትም፣ ላቫ ግን አታስጠጋ። ከካምፕፋየሩ ሥር የድርቆሽ እስር አስቀምጥ፤ ጭሱ ከ10 ብሎክ ይልቅ እስከ 24 ይወጣል።