ባቡሩ ለምን ደሴን ትቶ በኮምቦልቻ አለፈ? ጭነት ቢጀምርስ እንደ እኔ ላለ ነጋዴ ይሆናል?

የማሾ ነጋዴ (ኮምቦልቻ)

ሰላም የአገር ልጆች። የማሾና የማሽላ ንግድ ላይ ነኝ። ማሾውን ከሸዋሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከከሚሴና ከቃሉ እሰበስባለሁ። ኮምቦልቻ መጋዘን አስገብቼ፣ አስበጥሬ ለላኪ አስረክባለሁ። ወደ ከሚሴ በወረድኩ ቁጥር ከአዋሽ ኮምቦልቻ የተዘረጋውን የባቡር ሃዲድ አየዋለሁ። ምሰሶው ተተክሏል፣ ሽቦው ተወጥሯል፣ ጭነት ግን አይመላለስበትም። ሁሌ ስለሚያንገበግበኝ ዛሬ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ደሴ የወሎ ትልቋ ከተማ ሆና ሳለ መስመሩ ለምን ዘለላት? አባቴ የደሴ ሰው ነው፣ ይሄ ነገር እስከዛሬ ይቆጨዋል። ደግሞስ ጅቡቲ በባቲ በሚሌ በኩል ቅርብ ሆኖ ለምን ወደ አዋሽ ወርዶ ይዞራል? ከሁሉም በላይ ማወቅ የምፈልገው ግን ነገ ሥራ ቢጀምር እንደ እኔ 300 እና 400 ኩንታል የሚጭን ሰው ቦታ ይኖረዋል ወይስ የትልልቆቹ ብቻ ነው የሚሆነው? ፖለቲካውን ለጊዜው ተዉትና ሥራውን የምታውቁ መልሱልኝ።

ሐረጎ ታች

ወንድሜ፣ እኔም የደሴ ልጅ ነኝ፣ የአባትህ ቁጭት ይገባኛል። መስመሩ ሲሠራ ቅየሳ ላይ ስለነበርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት አስበው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ ከ2,450 ሜትር በላይ ናት። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣለህ ማለት ነው። መኪና በጥምዝምዙ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ባቡር ግን የብረት እግሩ በብረት ላይ ስለሚሄድ ዳገት ላይ ይንሸራተታል፣ ከባድ ጭነት ለሚጎትት ባቡር በ1,000 ሜትር 20 ሜትር መውጣት ራሱ ብዙ ነው። በዚህ ሂሳብ ሐረጎን ለመውጣት ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ሃዲድ ያስፈልግሃል። ባቡር ደግሞ እንደ መኪና ጠባብ ኩርባ አይዞርም፣ ስለዚህ ተራራውን መብሳት ግድ ይሆናል። ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተህ ደሴ ከደረስክ በኋላ ወደ ሐይቅ መልሰህ ትወርዳለህ። ለዚህ ነው መስመሩ ከታች በኩል እንዲያልፍ የተደረገው።

ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ከአዋሽ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የቀረው ከኮምቦልቻ ሐራ ገበያ ነው። ውሉ በ2004 ዓ.ም. ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ጋር ተፈረመ፣ ዋጋውም ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር። ገንዘቡ ከውጭ ባንኮች የመጣ ብድር ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በ2007 ነው።

የአዋሹን ጥያቄ በተመለከተ፣ ዕቅዱን ሙሉውን ካላየኸው ግራ ያጋባል። ሐራ ገበያ መጨረሻ እንድትሆን አልታሰበችም። ከእሷ አንዱ መስመር ወደ መቀሌ፣ ሌላው በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲው ታጁራ ወደብ እንዲወርድ ነበር የታቀደው። የመቀሌውን የቻይና ተቋራጭ ጀምሮት ነበር። የታጁራው አልተሠራም። ያ ቢሠራ ኖሮ ወሎ በሁለት በኩል ባሕር ይደርስ ነበር። አሁን ያለው አንዱ በር ብቻ ነው፣ አዋሽ። አዋሽ ላይ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል፣ የሁለቱም ሃዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ፉርጎው ጭነት ሳይገለበጥ በቀጥታ መሄድ ይችላል።

ሌላው ሰው ልብ የማይለው ነገር ኤሌክትሪኩ ነው። መስመሩ በ25,000 ቮልት የሚሠራ ነው። ከላይ ያየኸው ሽቦ ኃይል የሚያገኘው በየተወሰነ ርቀት ከተተከሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ነው፣ እነሱ ደግሞ ከዋናው የአገሪቱ መስመር መገናኘት አለባቸው። ሃዲዱ ተነጥፎ ማከፋፈያው ካልተገናኘ ባቡሩ አይንቀሳቀስም። የአዋሽ ኮምቦልቻው ክፍል ግንባታው ከተጠናቀቀ በኋላ አንዱ ትልቁ መዘግየት ከዚህ መጣ። ከዚያ በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ በመስመሩ ንብረት ላይም ዝርፊያና ጉዳት ደረሰ። ያን ጊዜ እዚህ የነበርን ሰዎች አንረሳውም።

ባቲ ቁልቁለት

እኔ የተሳቢ ሹፌር ነኝ፣ መስመሬ ጅቡቲ ነው። ስለ ርቀቱ ልናገር።

በመኪና ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርገህ ጅቡቲ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። በባቡር ግን 270 ኪሎ ሜትር ወደ አዋሽ ትወርዳለህ፣ ከአዋሽ ጅቡቲ ደግሞ ከ500 በላይ አለ፣ ድምሩ 800 ይጠጋል። መንገዳችን ድሮም የወደብ መንገድ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ከደሴ ባቲን አልፎ አሰብ የሚወርደው ነው፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ እስኪነሳ ድረስ የአገሪቱ አብዛኛው ዕቃ በአሰብ ነበር የሚገባው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የበዛባት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሄን የምለው ባቡሩ እንዳይመጣ ፈልጌ አይደለም፣ እንጀራዬን ይወስዳል ብዬም አልፈራም። ማዳበሪያ ወቅት ጅቡቲ ሄዶ ያየ ይረዳኛል። አንድ 50,000 ቶን የያዘ መርከብ ሲመጣ እያንዳንዱ መኪና 40 ቶን ቢጭን 1,250 መኪና ይፈልጋል። አንድ መርከብ ብቻ! ወደብ ላይ ታራ ስንጠብቅ እንውላለን እናድራለን፣ ሙቀቱ አይቻልም፣ ገበሬው ደግሞ ክረምት ሳይገባ ማዳበሪያውን ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ጭነት፣ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ ለባቡር ነው የሚሆነው። ለመኪና የሚቀረው ከጣቢያ ወደ ወረዳው ማድረሱ ነው፣ እሱም ትንሽ ሥራ አይደለም። ከኮምቦልቻ ወደ ወገል ጤና፣ ወደ መካነ ሰላም፣ ወደ ላሊበላ ማን ያደርሰዋል? እኛው ነን። ከቤቴም አልርቅም፣ ልጆቼን አያለሁ።

የድሬ ጡረተኛ

ልጆች፣ ደህና ናችሁ? እኔ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፣ አሁን ልጄ ዘንድ ኮምቦልቻ ነው ያለሁት።

መጀመሪያ ለማሾ ነጋዴው አባት አንድ ነገር ንገርልኝ። የደሴ ዕጣ በሐረርም ደርሷል። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ሲጀመር ሁሉም የጠበቀው ሐረር እንደሚገባ ነበር፣ ንግዱ ያለው እዚያ ነዋ። ነገር ግን ተራራው ከለከለ። በ1895 ባቡሩ ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ ቦታውንም አዲስ ሐረር አሉት፣ እሱ ነው ድሬዳዋ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፣ ሙሉው 784 ኪሎ ሜትር። የሐረር ነጋዴ ግን አልከሰረም። ቡናውን ወደ ድሬ አወረደ፣ መጋዘን ከፈተ፣ ዘመዱን ጣቢያ አጠገብ አስቀመጠ። ደሴም ከኮምቦልቻ ጋር እንዲሁ ነው መኖር ያለባት። ድሬና ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ እናንተ ግማሹን ነው ያላችሁት።

አሁን ወደ ሥራው። መስመሩ ነጠላ ነው፣ ስለዚህ ወጪና ገቢ ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፣ አንዱ በጎን ሃዲድ ገብቶ ሌላውን ያሳልፋል። በእኛ ጊዜ የጣቢያ ሹሙ ለሚቀጥለው ጣቢያ ሹም በስልክ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡር አይለቅም ነበር። መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ከዚያ ነው ሰንደቁን የሚያሳየው። ዛሬ ሥራውን ምልክቱና ኮምፒዩተሩ ይሠሩታል፣ ሕጉ ግን ያው ነው። አንዱ ባቡር ከዘገየ ሌላውም ይዘገያል። ስለዚህ ጭነት በሰዓቱ አልደረሰም ብሎ ባቡርን ማስጠበቅ የሚባል ነገር የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ችግር ባዶ መመለስ ነው። አገራችን የምታስገባው ከምታወጣው በጣም ይበልጣል። ባቡሩ ከጅቡቲ ሞልቶ ይመጣል፣ ሲመለስ ግማሹ ባዶ ነው። ባዶ ፉርጎም ኃይል ይፈጃል፣ ባዶ ፉርጎም ሠራተኛ ይፈልጋል። ያውም የእናንተ መስመር ሲመጣ ሽቅብ ነው፣ አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850። ከባዱ ጭነት ዳገት ይወጣል፣ ቀላሉ ቁልቁለት ይወርዳል። ባቡር ድርጅት ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ታዲያ ወደ ታች የሚወርድ ጭነት ነው። ማሾ፣ ሰሊጥ፣ ቆዳ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ። ልጄ፣ አንተ ለባቡሩ እንግዳ አይደለህም፣ እሱ ነው አንተን የሚፈልግህ።

የማሾ ነጋዴ (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሐረርን ነገር ለአባቴ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና "እንዲያ ከሆነስ ደግ" አለ። ሌሎቻችሁም አመሰግናለሁ።

ግን የኔን ጭነት እንዴት ያደርጉታል? 300 ኩንታል ለአንድ ሙሉ ባቡር ምንም ነው። መጥቼ ፉርጎ ስጡኝ ብል ማን ይሰማኛል?

የድሬ ጡረተኛ

ድሮ ቢሆን ፉርጎ ትከራያለህ። ጆንያው በጫኝና አውራጅ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ የእርሳስ ብረት ማኅተም ይደረግበታል፣ ቁጥሩ ደረሰኝህ ላይ ይጻፋል። ጅቡቲ ላይ ማኅተሙ ካልተነካ ጭነትህ ሙሉ ነው። ዛሬ ያንን ሥራ የያዘው ኮንቴይነር ነው። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 25 ቶን ያህል እህል ይይዛል፣ 250 ኩንታል ማለት ነው። ስለዚህ 300 ኩንታል ያለህ አንተ አንድ ሙሉ ኮንቴይነር አለህ፣ የቀረውን ከጓደኛህ ጋር ታዋጣለህ። አንድ ፉርጎ ሁለት ባለ 20 ይጭናል። 50 ፉርጎ ያለው ባቡር 100 ይሆናል። የከሚሴ፣ የአጣዬና የሸዋሮቢት የማሾ ነጋዴ በመኸር ጊዜ ቢደራጅ 100 መሙላት አያቅተውም። እያንዳንዱ ለየብቻው ከሄደ ግን ልክ ነህ፣ ማንም አይሰማውም።

ባቲ ቁልቁለት

እኔ አንድ ልጨምር። ባቡሩን አትጠብቅ፣ አሁኑኑ ጀምረው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ገቢ ዕቃ የተራገፈባቸው ኮንቴይነሮች አሉ፣ ወደ ጅቡቲ ባዶአቸውን ነው የምንመልሳቸው። ባዶ ኮንቴይነር ጭኖ በባቲ ቁልቁለት መውረድ ያሳዝናል፣ በተለይ መንገድ ዳር የማሾ ጆንያ ተደርድሮ ስታይ። የመርከብ ድርጅቱን ፈቃድና የላኪውን ወረቀት ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይጨርስልሃል። መጋዘንህ በር ላይ ተሞልቶ ይታሸጋል፣ እስከ መርከብ አይከፈትም። ባቡሩ ሲመጣ የሚቀየረው ማን ይጎትተዋል የሚለው ብቻ ነው።

ሐረጎ ታች

ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ለማሾ የሚሆነው ኮንቴይነር ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ጠይቅ። ማዳበሪያ ወይም ኬሚካል ከነበረበት ሽታው እህሉ ውስጥ ይገባል፣ ገዢው ይመልስብሃል። ውስጡ ገብተህ በሩን ዝጋና ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ እይ። ቀዳዳ ካለው ዝናብም ይገባል፣ አትቀበል።

የማሾ ነጋዴ (ኮምቦልቻ)

አብሽሩ ወንድሞቼ። ከከሚሴ ሁለት ነጋዴዎች አሁኑኑ ደውዬላቸው ፈቃደኛ ናቸው። ሰኞ ደረቅ ወደብ ሄደን ባዶ ኮንቴይነር ለመውሰድ የሚጠየቀውንና ክፍያውን እናጣራለን። የተነገረንን እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ ከአጣዬና ከሸዋሮቢት ያላችሁም መግባት ከፈለጋችሁ ስንት ኩንታል እንዳላችሁ ከታች ጻፉ።