ልጄ እስከ 20 ያንበለብላል ግን ቆርኪ መቁጠር አቃተው
እባካችሁ ሀሳብ ስጡኝ። ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ ቤት ውስጥ እኔው ነኝ የማስተምረው። በቃሉ እስከ 20 ያንበለብለዋል ግን 7 ቆርኪ ደርድሬ ቁጠር ስለው አፉ ይሮጣል ጣቱ ወደኋላ ይቀራል፣ አንዱን ሁለቴ ይነካል ሌላውን ይዘለዋል፣ 11 ብሎኝ ቁጭ። እሺ ስንት ናቸው ስለው ደግሞ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ቁጥር መልሱ መሆኑ ገና አልገባውም መሰለኝ። ትላንት የእንቁላል ካርቶን አምጥቼ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ክተት ብለው ካርቶኑን ኮፍያ አደረገው (ሳቄ አምልጦኝ ትምህርቱ እዛው አለቀ)። ወረቀቱንማ ትቼዋለሁ፣ እርሳስ ሲያይ ይሸሻል። እየቆጠረ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው እንዲያዛውር ላድርግ ወይስ ወደ 3 እና 4 ዝቅ ልበል? የናንተዎቹስ ስንት ደቂቃ ይቀመጡላችኋል? የኔው 10 አይሞላም።