አባቴ ክራራቸውን እንደገና ቢያነሱ ለጤናቸው ይረዳ ይሆን?

የጉለሌዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ደም ግፊት አለባቸው፣ ግን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ጠዋት ተነስተው ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ፣ ማታ ከዚያው ወደ አልጋ ነው። ለቅሶ ካልሆነ ከቤት አይወጡም። ድሮ ክራር ይጫወቱ ነበር፤ አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል፣ ሁለት ክሩም ተበጥሷል። ጓደኛዬ ሙዚቃ ለጤና ፍቱን ነው ትለኛለች። እውነት ነው ወይስ ወሬ? አንድ ቦታ ላስመዝግብዎት ብላቸው "በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልታደርጊኝ ነው?" ብለው ተቆጡ።

ነርስ ነኝ፦ ወሬ ብቻ እንኳን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ3,000 በላይ ጥናቶች አገላብጦ ኪነ ጥበብ ለጤና ይረዳል የሚል ሪፖርት አውጥቷል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ6,700 የሚበልጡ ሰዎችን ለ14 ዓመት የተከታተለ ጥናትም ወጥቶ ነበር፤ በየጥቂት ወሩ ቲያትር፣ ሙዚየም ወይም ኮንሰርት የሚሄዱት፣ ጨርሶ ከማይሄዱት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። ግን እህቴ፣ ድሮውንም ቲያትር የሚሄደው ጤናና ገንዘብ ያለው ሰው ነው። አጥኚዎቹ ይህንንም በስሌታቸው አስገብተውታል፣ ያም ሆኖ ዕድሜ የጨመረው ቲያትሩ ነው ብሎ መማል አይቻልም። ኪኒኑን ደግሞ አደራ!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ስለ ጥናት አላውቅም። እናቴ እዚህ አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ ቤት ውስጥ ተዘግተው ልጅ ሲጠብቁ ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሎች እናቶች ጋር እስክስታ ይመታሉ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ እኔ አብሬ ሞክሬ ትከሻዬ ሦስት ቀን አመመኝ። እንደኔ ግን የጠቀማቸው ከጭፈራው ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለው ቡና ነው። አርብ ማታ ቀሚሳቸውን ሲተኩሱ ብታይ...

ቃኚው፦ "ይማሩ" አትበያቸው፣ "ያስተምሩ" በያቸው። ልጅ ካለሽ ያዢና ሂጂ። ክሩን ቀይሪው፣ ግን አታስቃኚው። ክራር የሚያውቅ ሰው ያልተቃኘ ክራር እያየ ዝም አይልም፣ ወይ ትዝታ ወይ ባቲ ሳያደርገው አይተኛም። ጣታቸው መጀመሪያ ላይ ያማቸዋል፣ ቀስ ብለው።

የጉለሌዋ፦ ቃኚው ምን ልበልህ! ዘጠኝ ዓመት ልጄ ክራሩን እንደ ጊታር አቅፎ ሲመታው አሥር ደቂቃ ታገሡ፣ ከዚያ "ወዲህ አምጣው!" አሉ። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም፣ ድምፁ ግን ተቀነሰ። ግፊታቸው ያው ነው። ልጁን "ቅዳሜ እንዳትቀር፣ ጥፍርህንም ቁረጥ" ብለውታል።