ኤክሴል ማክሮ ቀንና ወር እያገላበጠብኝ ነው፣ እርዱኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ጓዶች። ፒያሳ የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ እይዛለሁ። ከሽያጭ ሲስተሙ የሚወጣውን ሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ተራ ጽሑፍ) ማክሮ፣ ማለትም ኤክሴል ውስጥ ሥራውን በራሱ የሚሠራልኝ ትንሽ ፕሮግራም፣ ከፍቶ በየወሩ ይደምርልኛል። ችግሩ 03/04/2024 ኤፕሪል 3 መሆን ሲገባው ማርች 4 ይሆንብኛል፣ 25/04/2024 ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፣ ፎርማት ሴልስ ገብቼ ብቀይረውም ንቅንቅ አይልም። ፋይሉን በእጄ ስከፍተው ግን ሰላም ነው። ሪፖርቱ ነገ ይፈለጋል!

የስታዲየሙ ልጅ፦
ፎርማት ላይ አትድከም ወንድሜ። ኤክሴል ቀን የሚይዘው በቁጥር ነው፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምራል። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ለእሱ 45545 ነው። ፎርማት ቁጥሩን የምታለብሰው ልብስ ነው፣ ጽሑፍ ከሆነ ግን የሚለብስ ቁጥር የለም። አሰላለፉን ካልነካካኸው ጽሑፉ ወደ ግራ፣ እውነተኛው ቀን ወደ ቀኝ ተጠግቶ ታየዋለህ።

ማክሮ ወዳጅ፦
ጣጣው አከፋፈቱ ላይ ነው። ማክሮ ሲኤስቪ ሲከፍት የኮምፒውተርህን ሪጅን ትቶ እንደ አሜሪካኖቹ ወር አስቀድሞ ያነባል። ማክሮው ውስጥ ፋይል የሚከፍተው ትእዛዝ፣ ወርክቡክስ ኦፕን (Workbooks.Open) ላይ ሎካል የሚለውን ትሩ አድርገው (Local:=True)፣ ያኔ በኮምፒውተርህ ሪጅን ያነባል። የተገላበጡትን ደግሞ አንድ በአንድ ላርም እንዳትል፣ 03/04 ተገልብጦ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? ከዋናው ፋይል እንደ አዲስ ክፈት።

ጠያቂ፦
ሎካል ሠራ፣ ተባረክ! ከመጋዘን የሚመጣው የኤክሴል ፋይል ላይ ግን ቀኖቹ ድሮም ጽሑፍ ናቸው። ጽሑፍን ወደ ቀን በሚቀይረው የማክሮ ትእዛዝ፣ በሲዴት (CDate) ልለውጣቸው?

የለገሃሯ፦
ሲዴት ይቅርብህ። ወሩ ከ12 ከበለጠበት ዝም ብሎ ቀኑንና ወሩን ያቀያይራል፣ ኤረር እንኳ አያሳይህም። ጽሑፉን በስላሹ ላይ በስፕሊት (Split) ከፋፍለህ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለህ ከሦስቱ ቁጥሮች ቀን ለሚሠራው ለዴትሲሪያል (DateSerial) ስጠው። እሱም ቢሆን 13ኛ ወር ከሰጠኸው ወደ ቀጣዩ ጃንዋሪ ይሻገራል፣ ስለዚህ ወሩ ከ12 እንዳይበልጥ ቀድመህ በኢፍ ፈትሽ። ከዌብ ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ከሆነ ትርፍ ስፔስ የሚያጠፋው ትሪም (Trim) የማያነሳው ስፔስ ሊኖረው ይችላል፣ የካራክተር ኮዱ 160 ነው፣ በሪፕሌስ (Replace) አጥፋው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መጋዘን ያሉት በእኛ አቆጣጠር ይጽፋሉ እንዴ? ኤክሴል ጳጉሜን አያውቃትም። 05/13/2016 ተብሎ የተጻፈው ጳጉሜ 5 ከሆነ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነበር፣ ሲዴት ግን ሜይ 13 ቀን 2016 ብሎ ይሰጥሃል።

ጠያቂ፦
ኧረ ግማሹ በእኛ ነው የተጻፈው!

የለገሃሯ፦
እንግዲያው የእኛውን በጽሑፍነቱ ተወው፣ ወደ ፈረንጅ የተቀየረውን ለብቻው ኮለም ላይ አድርግ።