የማሽኑ ስክሪን አንድ ፎልት (ብልሽት) ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ሁሉንም እንዴት ላውጣ?

ማታ ሺፍት፦ እባካችሁ ቶሎ! የውሃ መሙያ ማሽኑ ቆሟል። ስክሪኑ «የአየር ግፊት ዝቅተኛ» ይላል። እሱን አስተካክለን ሪሴት ስናደርግ «የክዳን ሞተር ኦቨርሎድ» ይመጣል። እሱ ሲያልቅ ደግሞ «በር ክፍት ነው»። ሁሉም በአንዴ እንዲታይ እፈልጋለሁ። መቆጣጠሪያው ሲመንስ ነው።

ፊውዝ 10፦ ሲመንስ ማለት እኮ «መኪናዬ ቶዮታ ነው» እንደማለት ነው። የቱ ፒኤልሲ (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር)? የቱ ስክሪን?

ማታ ሺፍት፦ ኤስ7-1200። ስክሪኑ ኬቲፒ 700 ቤዚክ።

ጋሽ ኮንታክተር፦ በእኛ ጊዜ ለእያንዳንዱ ፎልት የራሱ መብራት ነበረው። አምስት ችግር ካለ አምስት መብራት ይበራል፣ አለቀ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር አንድ ሳጥን ውስጥ ትከታላችሁ፣ ከዚያ ጠፋብን ትላላችሁ።

ሶኬት፦ አጥፍታችሁ አብሩት።

ላደር፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ፕሮግራሙን ክፈተው። ፎልቶቹ ቁጥራቸውን በሙቭ (ቁጥር በሚገለብጥ ትእዛዝ) ወደ አንድ ኢንቲጀር (አንድ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ቦታ) የሚጽፉ ከሆነ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ስካኑ (ፕሮግራሙ ከላይ እስከ ታች አንዴ የሚሠራበት ዙር) ሲያልቅ የሚተርፈው ከታች ያለው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ፎልት አንድ ቢት (በርቷል ወይም ጠፍቷል ብቻ የሚል ምልክት) ስጠው። 16 ቢት በአንድ ዎርድ ሰብስብ። ስክሪኑ ላይ ዲስክሪት አላርም (ቢት ሲበራ የሚወጡ ማስጠንቀቂያዎች ዝርዝር) ውስጥ ለየቢቱ ጽሑፍ አስገባና አላርም ቪው (ሁሉንም የሚያሳይ ሠንጠረዥ) አስቀምጥ።

ፊውዝ 10፦ የዎርዱ ሁለት ባይቶች (ስምንት ስምንት ቢቶቹ) እንደሚገላበጡ አትርሳ። ትሪገሩ (አላርሙ የሚያነበው ዎርድ) ኤምደብሊው10 ከሆነ ቢት 0 ማለት ኤም11.0 ነው፣ ኤም10.0 አይደለም። ይሄን የረሳ ሰው በር ሲከፈት ሞተር ይፈታል።

ቀዩ ቁልፍ፦ ቆይ፣ ሁሉንም ማሳየት ለምን አስፈለገ? አየር ሲወርድ ሌላው ተከትሎ ይንጫጫል። በአይኤስኤ 18.2 (የአላርም አያያዝ ስታንዳርድ) መሠረት ለአንድ ኦፕሬተር በ10 ደቂቃ ከ10 በላይ አላርም ከመጣ ጎርፍ ነው። መጀመሪያ የመጣውን ብቻ አሳይ።

ላደር፦ አሁን የሚያየው እኮ መጀመሪያ የመጣውን አይደለም፣ ከታች የተጻፈውን ነው። የመጀመሪያውን ከፈለክ ቁጥሩ 0 ሲሆን ብቻ ይጻፍ፣ ሪሴት እስኪደረግ አይነካ።

ማታ ሺፍት፦ ሦስቱም እውነተኛ ናቸው፣ አይቻቸዋለሁ። ልክ ነህ ላደር፣ ሙቭ ነው። ግን የስክሪኑ ፕሮጀክት (የሚስተካከለው ፋይል) የለንም። የሠራው ሰውዬ ይዞት ሄዷል። የፒኤልሲውን ፕሮግራም ግን ከራሱ ላይ አፕሎድ አድርጌ አውጥቻለሁ።

ሶኬት፦ አጥፍታችሁ አብሩት ብያለሁ።

ፊውዝ 10፦ ይሄን መጀመሪያ ብትናገር ምን ነበረበት!

ላደር፦ ከዚያ ስክሪን ላይ የሚስተካከል ፕሮጀክት መልሰህ አታወጣም። ባክአፑም ለዚህ አይሆንም። ለዛሬ ስክሪኑን ተወው። ጽሑፎቹ ስክሪኑ ውስጥ በቁጥር ተቀምጠውልሃል። ፒኤልሲው ውስጥ ፎልቶቹን ወደ ቢት ቀይር፣ ከዚያ በየ2 ሴኮንዱ ቀጣዩን የበራ ቢት ፈልጎ ቁጥሩን እዚያው ኢንቲጀር ላይ ይጻፍ። ያልበራውን ይዝለል። ጽሑፎቹ እየተፈራረቁ ይታያሉ። አዲስ የስክሪን ፕሮጀክት ማሽኑ በሰላም በሚቆምበት ቀን ትሠራለህ።

ቀዩ ቁልፍ፦ ኦፕሬተሩ ተራ እስኪደርስ ቆሞ ሊያነብ? ይሁን እሺ።

ፊውዝ 10፦ ማታ ሺፍት፣ ሠራ?

ፊውዝ 10፦ ???

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ እኔም ልክ ይሄው ችግር አለብኝ። የእኔ ግን ዴልታ ነው።